የባሕር ጠላቂው ሰዓት፦ ከወልድያ እስከ ግራና

ወደ ወልድያ የሄድኩት ሰዓት ልገዛ ነው። ይህን ስናገር ሰሚው ሁሉ ያስደግመኛል። ጦሩ ከወልድያ ከወጣ ገና ጥቂት ወራት ነበር፤ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ዘመድ ሊጠይቅ፣ ለቅሶ ሊደርስ፣ የተዘረፈ ቤቱን ሊያይ ነው። እህቴ እስከ መናኸሪያ ሸኝታኝ ቦርሳዬን እያቀበለችኝ፣ "እስቲ በእመቤቴ፣ አዲስ አበባ ሰዓት ጠፍቶ ነው?" አለችኝ።

ሰዓትማ አልጠፋም። እኔ የምፈልገው ግን አሮጌ የባሕር ጠላቂ ሰዓት ነበር። ወፍራም መስታወት ያለው፣ ዙሪያው ላይ የሚሽከረከር ቀለበት የተገጠመለት፣ ጠላቂው ውኃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደቆየ በዚያ ቀለበት የሚያውቅበት ዓይነት። ሥራዬ የሕክምና ላቦራቶሪ ነው፤ ቀኑን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ እውላለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ስለነዚህ ሰዓቶች አነባለሁ። ገጻቸው እንደገና ተቀብቶ እንደሆነ እንዴት እንደሚታወቅ፣ የሦስት ሰዓቶችን ዕቃ ገጣጥመው አንድ ነው ብለው የሚሸጡ እንዴት እንደሚያዙ፣ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ሲያረጅ ምን እንደሚመስል ተምሬያለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ያየኋቸው ሁሉ አንድ ነገር ይጎድላቸው ነበር። አንዱ ገጹ ትናንት የተቀባ ነው፤ ሌላው አካሉና ልቡ፣ ውስጡ ያለው ማሽን፣ አይተዋወቁም።

አንድ ቀን በቴሌግራም የሽያጭ ገጽ ላይ ከወልድያ የተለጠፉ ሦስት ፎቶዎች አየሁ። የሰዓቱ ገጽ ጥቁር ነው፤ ምልክቶቹ ወደ ቅቤ መልክ ሄደዋል። ጀርባው ላይ በእጅ የተጫረ ትንሽ መልሕቅ አለ። ባሕር የሌለበት አገር መልሕቅ ምን ይሠራል? ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ከደሴ ወደ ሰሜን

ደሴ አድሬ በማግስቱ ማለዳ ሚኒባስ ያዝኩ። ነዳጅ በጀሪካን ይሸጥ ስለነበር ረዳቱ የታሪፉን እጥፍ ጠየቀ፤ ማንም አልተከራከረውም። ሐይቅን አለፍን። ውጫሌ ላይ ኬላ ነበር። ሁላችንም ወረድን፤ መታወቂያ ታየ፤ ቦርሳ ተፈተሸ። ወታደሩ ከቦርሳዬ ማጉያ መነጽሬን አውጥቶ አገላበጠው።

"ይኼ ምንድነው?"

"ማጉያ ነው።"

"ምን ልታዪበት?"

"ሰዓት።"

ትንሽ አየኝና እጅጌውን ሰበሰበ። "እስቲ የኔን እዪው።"

አየሁት። የሰዓቱ ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ ከገበያ የተገዛ ማስመሰያ ነው። ወንድሜ፣ ተሸውደሃል ብዬ እንዴት ልንገረው? "አንድም ደቂቃ አያዛባም፤ በደንብ ይሄዳል" አልኩት። እውነቴን ነበር። ሳቀና ማጉያዬን መለሰልኝ።

ከውርጌሳ ወዲያ ሙቀቱ ጨመረ። መርሳ ስንደርስ መስኮቱ በብርቱካንና በማንጎ ሻጮች ተሞላ፤ ሹፌሩ ግን ብዙም አልቆመም። ከሲሪንቃ ወዲህ መንገድ ዳር የተቃጠለ ታንክ አየሁ፤ አንዲት ሴት የታጠበ ልብስ አስጥታበታለች፤ ቀይ የሕፃን ሹራብ አፈሙዙ ላይ ተንጠልጥሏል። አጠገቤ የተቀመጡት ገበሬ እኔ ስመለከት አይተው፣ "ምን ታድርግ፣ ቶሎ ያደርቃል" አሉኝ።

ወልድያ

ሱቁ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በሩ አዲስ ቆርቆሮ የተመታበት ጠባብ ክፍል ነው። ሻጯ ትዕግሥት ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ለብሳለች። ሰዓቱን በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ገፋችው።

ሲያዩት ይለያል። ቀለበቱን አዞርኩት፤ እየቆጠረ ዞረ። መስታወቱ ተጭሯል፤ ምንም አይደለም። ክዳኑን እንድትከፍትልኝ ጠየቅኋት፤ በሚያምር ጥንቃቄ ከፈተችው። ውስጡ የተመታው ቁጥር፣ የልቡ ዓይነት፣ የገጹ ጽሑፍ፣ ሁሉም ካነበብኩት ጋር ገጠመ። ያልተነካካ ሰዓት ነው።

ከዚያ ገጹ ላይ፣ ስድስት ቁጥር ባለበት በኩል፣ የውኃ እድፍ አየሁ። በማጉያዬ ቀረብኩ። በተከፈተው ጀርባ በኩል፣ ከእድፉ ትይዩ፣ አንዲት ቡሎን ዝጋለች፤ ዝገቷ ግን ደማቅ ብርቱካን ነው። የድሮ ዝገት እንዲህ አይደለም፤ ይጠቁራል። ውኃው የገባው በቅርቡ ነው።

"ይኼ ሰዓት በቅርቡ ውኃ ውስጥ ገብቷል" አልኳት።

"አዎ። አባቴ አድርቆ፣ አጽድቶ፣ ውኃ የሚያግደውን ጎሚኒ ሊቀይር ነበር። ሳይጨርሰው..." ወደ ጥቁር ልብሷ ጎንበስ አለች። አባቷ የከተማው ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ስኳር ነበረባቸው፤ በጦርነቱ ወራት መድኃኒት አጥተው ከረሙ፤ መንገድ ከተከፈተ በኋላ ሱቃቸውን ከፍተው ትንሽ ሠሩና ሞቱ። "የቀረውን እኔ ጨረስኩት። ሰው መጥቶ ያልወሰደውን ዕቃ ነው የምሸጠው፤ ብዙ ጠበቅሁ።"

"የማን ነበር?"

"እንጃ።"

ያን ጊዜ ከፍዬ ብነሳ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። ግን ያ ብርቱካን ዝገት አላስቀምጥ አለኝ። ወልድያ አካባቢ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ የጠላቂ ሰዓት አስሮ ውኃ ውስጥ የገባው ማን ነው? ደግሞ ሌላም ሐሳብ መጣብኝ። በዚያ ሰሞን ከሰው ቤትና ከሰው እጅ የተወሰደ ዕቃ በየገበያው ይዞር ነበር። ሐሳቤን ትዕግሥት ከፊቴ አነበበችው።

"የተዘረፈ ነው ብለው ነው?"

"አላልኩም።"

"አስበዋል ግን።" ፊቷ ተለወጠ። "አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው አደራ እዚህች ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ነው የኖረው።" ሰዓቱን አንስታ በመዳፏ ያዘችው። የተጫረውን መልሕቅ በጣቷ ዳብሳ፣ "አንዲት የመርሳ ሴት ናት ያመጣችው" አለች። "ብርቱካን ሻጭ ናት። ለአባቴ ብርቱካን ይዛለት መጥታ፣ እሱ ስኳር ስላለበት ለእኔ ሰጠኝ። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።"

"ነገ መርሳ ልሄድ ነው" አልኳት።

"ሰዓቱን ይዤ እኔም እመጣለሁ። አደራ ሸጠች ከምባል ሱቁን ብዘጋው ይሻለኛል።"

መርሳ

ጠዋት አብረን ተሳፈርን። ትዕግሥት ሰዓቱን በጨርቅ ጠቅልላ ጡቷ ሥር ሸጉጣዋለች። ሲሪንቃ ላይ የማሽላ ማሳዎቹ እንደገና ታርሰው ዝናብ ይጠብቃሉ። እሷ የአባቷን ስም እያሰበች፣ እኔ ደግሞ ባለቤቱ ባይገኝ እየተመኘሁ ነበር። ይህን አልደብቅም፤ ሰዓቱን ወድጄው ነበር።

መርሳ መናኸሪያ ብርቱካን የማይሸጥ የለም። ትዕግሥት ግን ሴትዮዋን ከሩቅ አወቀቻት። ዘይነባ ትባላለች፤ ጎልማሳ፣ ሻሿን በግንባሯ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያሰረች። ሰላም ተባባልን። ትዕግሥት አንድ ቃል ሳትጨምር ጨርቁን ፈታችው።

ዘይነባ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ወላሂ! የአባቴ ሰዓት!"

"ለምን ሳትመጪ ቀረሽ?" አለቻት ትዕግሥት፤ ድምፅዋ ሊሰበር ደርሶ።

"መጥቼ ነበር እኮ። ሱቁ ተዘግቷል፤ ቤታችሁ ድንኳን ተጥሏል። ለቅሶ ቤት ገብቼ ሰዓት ልጠይቅ? በር ላይ ቆሜ ዱዓ አድርጌላቸው ተመለስኩ። ሌላ ጊዜ ስመጣም ዝግ ነው። ከዚያ ለአባቴ ጠፋ አልኩት። ምን ልበለው?"

ትዕግሥት አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ፤ ከሳቅ ጋር የተቀላቀለ ልቅሶ። እኔ ከብርቱካኑ ክምር አጠገብ ቆሜ የምገባበት አጣሁ። ባለቤቱ ተገኝቷል፤ ሰዓቱ የእኔ አይደለም። የጓጓሁለት ጥያቄ ግን አልተመለሰም።

"አባትሽ ውኃ ውስጥ ምን ሊሠሩ ገቡ?" አልኳት።

ዘይነባ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ሳቀች። "እሱን ራሱ ይንገርሽ። እኔ ሳወራው የተናደድኩት ንዴት ይመለስብኛል።" ብርቱካኗን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ባጃጅ ጠራች።

ግራና

ወደ ግራና የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነው። ባጃጁ እየዘለለ፣ እኛም እየዘለልን፣ የሽንኩርት ማሳና የማንጎ ዛፍ አልፈን ገባን። ከሩቅ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል። ዘይነባ፣ "የአባቴ ወፍጮ ነው" አለችና መልሳ፣ "የሰፈሩ ነው፤ እሱ ግን ልጁ አድርጎታል" አለች።

የዘይነባ አባት አያ ይመር ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው አሁንም ሰፊ ሽማግሌ ናቸው። ዱቄት ቆባቸው ላይ አርፏል። ዘይነባ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስማ፣ "አባዬ፣ እንግዶች ናቸው፤ ሰዓትህን ይዘው መጡ" አለቻቸው።

ከትዕግሥት እጅ ተቀበሉት። መጀመሪያ ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ወፍጮው ይጮሃልና እጃቸውን ወደ ውስጥ አወናጨፉ፤ ወፍጮው ቆመ። ሰሙ።

"ትሄዳለች" አሉ።

"አባቴ ነው የጠገናት፣ አያ" አለች ትዕግሥት። "እሱ ካረፈ በኋላ ባለቤቷን ሳላውቅ ልሸጣት ነበር። ይቅር በሉኝ።"

"አብሽሪ። የሞተ ሰው አደራ በልጁ እጅ ቤቴ ድረስ መጣ፤ ከዚህ በላይ ምን አለ? አላህ ነፍሱን ይማር።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ስለ ውኃው ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ፤ እንድንከተላቸውም በእጃቸው አመለከቱን። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከማንጎዎቹ መሐል፣ አፉ ሰፊ የመስኖ ጉድጓድ አለ። ውኃው ጥቁር ነው፤ ታቹ አይታይም። ዳሩ ላይ ተቀምጠው አወሩኝ።

በወጣትነታቸው ከዚህ ከግራና ወጥተው ምፅዋ፣ ባሕር ኃይል ገቡ። የመርከብ ሆድ ሥር ገብተው የሚጠግኑ ጠላቂ ሆኑ። ሰዓቷን እዚያው ወደብ ላይ ከአንድ ነጋዴ ገዟት፤ መልሕቋንም በሚስማር የጫሯት እሳቸው ናቸው። አገሩ ሲለወጥ ወደ ግራና ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ባሕር አላዩም።

ጦርነቱ ሲቀርብ የሰፈሩ ሰዎች ወፍጮው ይወሰድብናል ብለው ፈሩ። ሞተሩን መሸከም አይቻልም፤ ስለዚህ ሞተሩ ያለ እነሱ የማይነሳባቸውን ዕቃዎች ፈትተው፣ በግሪስ ለውሰው፣ በፕላስቲክ በርሜል አሽገው፣ ድንጋይ አስረው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሰደዱት። ገመዱን ከውኃው በታች፣ ከጉድጓዱ ግድግዳ ከወጣ የዛፍ ሥር ጋር ቋጠሩት። መብራት በጠፋባቸው፣ ገበያ በተዘጋባቸው ወራት ሰው ንፍሮ በላ፤ ሴቱ በድንጋይ ፈጨ። ጦሩ ወጥቶ ሊያወጡት ሲመጡ ገመዱ የለም፤ ተበጥሷል። በርሜሉ ጭቃው ውስጥ ገብቷል። ጎረምሶቹ ሞከሩ፤ ግማሽ ሳይደርሱ እየተንፈራገጡ ወጡ።

"እኔ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የምትቀመጥ አንዲት እመጫት አየሁ" አሉ አያ ይመር። "የምትፈጨው እህል አላት፤ የምትፈጭበት ክንድ የላትም። ቤት ገብቼ ሰዓቴን አሰርኩ።"

"እኔ መርሳ ነበርኩ!" አለች ዘይነባ፤ ንዴቷ እውነትም ተመለሰ። "ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው!"

"ገመድ ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። ወረድኩ።"

"በሰዓቱ ነው ደቂቃውን የሚቆጥሩት?" አልኳቸው።

"ድሮ አዎ። አሁንማ ታች ጨለማ ነው፤ ብርሃኗም ሞቷል። ምንም አልታየኝም።"

"ታዲያ ለምን አሰሯት?"

ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ አዩኝ። "ሳላስራት ወርጄ አላውቅም።"

ደጋግመው ወረዱ። መጨረሻ ላይ በርሜሉን በእግራቸው ጭቃ ውስጥ አገኙት፤ ለሚቀጥለው ትንፋሽ ሳይወጡ፣ በገመድ ይዘውት የወረዱትን መንጠቆ አያያዙት። ሰዎቹ ሲስቡ በርሜሉም እሳቸውም አንድ ላይ ወጡ። ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ደረታቸውን ታመው ብዙ ተኙ። ሲነሱ ወፍጮው ይሠራ ነበር፤ ሰዓቷ ግን ቆማለች።

ስለ ሰዓቱ የነገርኳቸው

ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ። "አንቺ ስለ ሰዓት ታውቂያለሽ አሉኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ምፅዋ የሸጠልኝ ሰውዬ አፈ ጮሌ ነበር። ጓደኞቼ 'ይመር ተሸወደ፣ ማስመሰያ ነው' እያሉ ሲስቁብኝ ኖሩ። እኔም እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። እውነተኛ ናት?"

በሕይወቴ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ማጉያዬን አውጥቼ እጃቸው ላይ ሰጠኋቸው። ትዕግሥት ክዳኑን ከፈተች። ውስጡ የተመታውን ቁጥር፣ በጨለማ ያበራ የነበረው ቀለም እንዴት በእኩል እንዳረጀ፣ ገጹ አንድም ጊዜ እንዳልተቀባ፣ ልቡ የዚያው የራሱ እንደሆነ እያሳየሁ ነገርኳቸው። አንድ ዓመት ያነበብኩት ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። "እውነተኛ ናት፣ አያ። አልተሸወዱም።"

ሽማግሌው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። "ይስሙ እንግዲህ!" አሉ፤ ለእነማን እንደሆነ ገባኝ።

ሐቁን ልጨርስ ብዬ፣ እንዲህ ያለ ሰዓት ብዙ እንደሚያወጣ፣ ማንም በርካሽ እንዳይወስድባቸውም ነገርኳቸው። ዘይነባ ቀና አለች። አያ ይመር አዩዋት።

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ምን እላለሁ አባዬ፣ ያንተ ናት።" ሻሿን እንደገና ጠበቅ አደረገች። "በሬ ይገዛል እንጂ።"

ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ወታደር አርዶ በልቶባቸዋል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ዝናቡ ደግሞ ደርሷል።

"እንግዲያ ይቺ ልጅ ትግዛት" አሉ።

"አልችልም፣ አያ" አልኩ። እውነትም አልቻልኩም። ጉድጓዱ ዳር ተቀምጬ ያን ሰዓት ልገዛቸው? "ሰዓቱ ከእርስዎ ጋር ይሁን። ለበሬው እኔ የአቅሜን ልርዳ።"

ፊታቸው ጠቆረ። "ውኃ ስለገባባት ናቅሻት?"

"ኧረ በፍጹም!"

"ታዲያ ከዚያ ድረስ መጥተሽ ልትመጸውቺኝ ነው? እኔ ዕቃ ሸጬ በሬ እገዛለሁ እንጂ እጄን አልዘረጋም። ጠልቄ ጨርሻለሁ፤ ወፍጮውም ይፈጫል። እውነተኛ ነገር ነው የምሸጥልሽ፤ ራስሽ ነግረሽኛል።"

ዘይነባ ክንዴን ነካ አድርጋ፣ "ግዢው እህቴ፤ አንዴ ካለ አለ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ገዛሁት። ወልድያ ላይ ከተጠየቅሁት በላይ፣ ተገቢ ነው ብዬ ባመንኩበት ዋጋ። አያ ይመር የትዕግሥትን የጥገና ድርሻ ለብቻው አንስተው፣ "ይኼ የአባትሽ ድካም ነው" ብለው እጇ ላይ ሲያስጨብጧት ልትከለክል ሞክራ አቃታት። ሰዓቱን ራሳቸው አሰሩልኝ፤ የማሰሪያውን ቀዳዳ ለክንዴ እየለኩ።

"ባሕር ገብተሽ ታውቂያለሽ?"

"ባሕር አይቼም አላውቅም።"

"ይሁና!" አሉና እንደገና ሳቁ። ወፍጮውም ተነሳ።

አዲስ አበባ

ትዕግሥት ከመርሳ ወደ ወልድያ፣ እኔ ወደ ደሴ ተለያየን። ከመለያየታችን በፊት እድፉን ማጥፋት እንደምትችል ነገረችኝ፤ ሰብሳቢዎች ውኃ የነካውን ገጽ አይወዱም። ይቆይ አልኳት። እህቴ ቤት ስገባ ክንዴን አይታ፣ "ለዚህ ነው?" አለች። ተቀምጬ ነገርኳት። ሳልጨርስ ሻይዋ ቀዘቀዘ።

በክረምቱ መጨረሻ ጦርነቱ እንደገና ተነሳ። ቆቦ፣ ወልድያ፣ መርሳ የሚሉ ስሞች በየዜናው ሆኑ። የዘይነባ ስልክ አይሠራም፤ የትዕግሥትም አይሠራም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ ሰዓት አንድ መስመር አላነበብኩም። ድሮ አንድ ሰዓት ሳይ የማስበው ገጹ ተቀብቶ ይሆን፣ ልቡ የራሱ ይሆን ብዬ ነበር። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ማን አስሮት እንደኖረና ያ ሰው ደኅና መሆኑን ነው።

ሰላም ተብሎ ስልክ ሲመለስ የደወለችው ዘይነባ ናት። ሸሽተው ነበር፤ በሬዎቹን እየነዱ ወደ ደቡብ ወርደው፣ ተመልሰዋል። ትዕግሥትም ሱቋን ከፍታለች።

"በሬዎቹስ?"

"ሁለቱም ደኅና ናቸው። ማሽላውም ይዟል። ቆይ፣ አባዬ ሊያናግርሽ ነው።"

መጀመሪያ የወፍጮው ድምፅ ነው የመጣው። ከዚያ አያ ይመር፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ፣ "ትሄዳለች?" አሉኝ።

ሰዓቱን ከክንዴ ፈታሁና ስልኩ አፍ ላይ አስጠጋሁላቸው። ከወዲያ ወፍጮው ጸጥ ሲል ሰማሁ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ብዙ ሰሙ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ስልኩን ለዘይነባ መለሱላት።